ለዓሹራ ማፍጠሪያ የመጣው እንጉዳይ

ጀውሀር ስለ እንጉዳይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእግር ሲመቱት ይፈረካከሳል። ወሎ ውስጥ ባደገበት ቀበሌ ልጆች ሁሉ «የጅብ ጥላ» ይሉታል። ዝናብ ባባራ ማግስት ከጥዱ ስር ብቅ ብቅ ሲል እየሮጡ ይረግጡታል፤ ባይነኩትም እጃቸውን ይታጠባሉ። በቃ፣ እውቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ስለዚህ አክስቱ ሳሊማ ከመካ ደውላ «ከዛሬ ጀምሮ የእንጉዳይ አዋቂ ነህ» ስትለው መስመሩ የተበላሸ መሰለው።

«ሃሎ? አክስቴ? አይሰማም።»

«ይሰማል። ስድስት ዓመት የጥድ ደን ጥበቃ ነበርክ። እንጉዳይ ከነዘሩ ታውቃለህ።»

«ኧረ አክስቴ፣ እኔ እኮ የደን ጥበቃው ሲያሳድደኝ ነው ያደግኩት!»

«እንግዲያው ደኑን ታውቀዋለህ ማለት ነው። አሁን ዝም ብለህ ስማኝ።»

ጊዜው በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ መታፈስ የጀመረበት ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ጀውሀር ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ተዘግቶ ተቀምጧል። በየመን በኩል ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ አል-ባላድ ገበያ የጨርቅ ጥቅል ሲሸከም ነው የኖረው። በክፍሏ ዘጠኝ ነበሩ። ሦስቱ ሥራ ላይ ተያዙ፣ አምስቱ ደግሞ «ከመያዝ መሄድ ይሻላል» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው እጃቸውን ሰጡ። እሱ ብቻውን ቀረ። መብራት አያበራም፤ ቴሌቪዥን አይከፍትም፤ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም።

ሳሊማ የእናቱ ታናሽ እህት ናት። ኢቃማዋ የጸና፣ አሠሪዋ የሚያከብራት፣ መካ ውስጥ ሸይኽ ሙሂዲን የሚባሉ ሽማግሌ ቤት አሥራ አራት ዓመት ወጥ ቤት የሠራች ሴት። ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ከመዳም ራቢዓ ጋር ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዚያ ሰሞን ልጃቸው ወደ ቱርክ ፍል ውሃ ይዛቸው ሄዳ ነበር። ፍል ውሃው ጉልበታቸውን ምንም አላደረገላቸውም። ነገር ግን ከፍል ውሃው በላይ ባለው የጥድ ጫካ ውስጥ አንድ ቱርካዊ እንጉዳይ ለቃሚ አገኙና ልባቸው እዚያው ቀረ። ስድስት ቀን ሙሉ ያን የታመመ ጉልበት እየጎተቱ ሲለቅሙ ዋሉ። ቱርካዊው የለቀሙትን በሁለት ከረጢት ለየላቸው፤ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ ደግሞ ለዓይን ብቻ፣ ለወዳጅ ለማሳየት። ሽማግሌው ሁለቱንም በበረዶ ሳጥን አድርገው መካ አስገቡ። መዳም ራቢዓ ግን ሻንጣ ስታስተካክል ቦታ ጠበባትና ሁለቱን ከረጢት አንድ ላይ ገልብጣቸው ነበር።

«አሁን የቱ ምግብ፣ የቱ መርዝ እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አለች ሳሊማ በስልኩ። «መዳም ይጣል ትላለች። ባባ ደግሞ ለዓሹራ ጾም ማፍጠሪያ የመስጊድ ጓደኞቻቸውን ጠርተዋል። ‹እንጉዳይ ከሩዝ ጋር አበላችኋለሁ› ብለው ለሰው ሁሉ ነግረዋል። እኔም የእህቴ ልጅ አዋቂ ነው፣ ጅዳ ነው ያለው አልኳቸው።»

«አንቺ ራስሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። እኔ አውቃለሁ ብዬ ግን አንተን ማን መጥቶ ያወጣሃል? በል ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ። ባባ ራሳቸው እየነዱ መጥተዋል፤ ጅዳ ገብተው አሁን ሸረፊያ ደርሰዋል።»

ጀውሀር ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወረደ። ከሕንጻው ፊት አንድ ነጭ መኪና ቆሟል። ውስጡ ፂማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዓይናቸው ግን እንደ ጎረምሳ የሚንቀለቀል ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሰላምታ አላስጨረሱትም።

«ኸቢሩ አንተ ነህ?» አሉት። አዋቂው፣ ባለሙያው ማለታቸው ነው።

ጀውሀር በአራት ዓመት ውስጥ ማንም ያልጠራው ስም ስለሆነ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አየ። ማንም አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ያላ፣ ግባ። ይኼን ታቀፍልኝ፤ እንዳይንገጫገጭ።» የበረዶውን ሳጥን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

መንገዱን ሙሉ ሽማግሌው ስለ ጫካው ሲያወሩ፣ ጀውሀር «አይዋ፣ አይዋ» ሲል መካ መግቢያ ያለው ኬላ ደረሱ። አንድ ወጣት ፖሊስ እጁን ዘረጋ። ጀውሀር ሳጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ኢቃማ» አለ ፖሊሱ።

«ኸቢር ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የምን ኸቢር?»

«የፉጥር!» አሉ። ፉጥር በዐረብኛ እንጉዳይ ነው። ችግሩ ማፍጠሪያ ምግብም ፉጡር መባሉ ነው። ዕለቱ ደግሞ የዓሹራ ዋዜማ ስለሆነ ፖሊሱ ጾመኛ ነበር፤ ጊዜውም ዐሥር ሰዓት አልፏል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ማፍጠሪያ ለማወቅ ኸቢር ያስፈልጋል?» አለ ፖሊሱ።

«ልጄ፣ ፉጡር አላልኩም፤ ፉጥር! ከጥድ ስር የሚበቅለው። ክዳኑን ክፈትለት አንተ!»

ጀውሀር ክዳኑን ከፈተ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ስፖንጅ የሚመስል ቡናማ አለ፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ አለ፤ ከሁሉም በላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ደም የመሰለ አንድ ትልቅ ቀይ ባርኔጣ ተጎልቷል። ሽታው ሲወጣ ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይኼን ልትበሉት ነው?»

«እንግዲህ እሱን ነው ኸቢሩ የሚነግረን። አየህ፣ ጥድ ሁለት ዓይነት ነው። መርፌው ረጅም የሆነው...»

ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተው ማስረዳት ጀመሩ። ስለ መርፌው፣ ስለ አፈሩ፣ ቱርካዊው ቢላውን እንዴት እንደሚይዝ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባቸውን ለቀቁት። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፤ ሰልፉን አየ፤ ሳጥኑን አየ።

«ያ ሸይኽ፣ ኻላስ! በአላህ ይሁንብህ፣ ሂድልኝ። ስለ ምግብ አታውራብኝ!»

ጀውሀር መካ እስኪገቡ ድረስ ክዳኑን መግጠም ረስቶ ነበር።

ማታውን ወጥ ቤት ውስጥ ሳሊማ አስተማረችው። ሳህን ላይ እየደረደረች ስታስረዳው ጀውሀር በጣም ገረመው፤ አክስቱ ይኼን ሁሉ ከየት አመጣችው? ለካ ዐረብ አገር ሳትመጣ በፊት ከጥዱ ደን አጠገብ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ ችግኝ ስታጠጣ ኖራለች። ሙሉሸዋ የምትባል የሥራ ጓደኛዋ ናት ያስተማረቻት።

«ይኼን ታየዋለህ?» አለችው፣ ቡናማውን ገልብጣ። «ከስሩ ሽንሽን የለውም፤ ስፖንጅ ነው። ቆዳው ይለጠጣል፣ ይላጣል። ይኼን አሥር ዓመት በልቼዋለሁ። ነጩ ገዳይ ነው። ቀዩን ግን ሙሉሸዋ አንድ ቀን ካልቀመስኩ ብላ ቀመሰች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ባሏን አጎቴ እያለች ስትጠራው ከረመች።»

«ብርቱካኑስ?»

«አላውቀውም።»

«ጥሩ ይመስላል እኮ።»

«መምሰሉን አየሁ። የማላውቀውን አላበስልም።»

«ሰዎች ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ከጠቆረ መርዝ ነው ይላሉ፤ እንሞክረው?»

«እነዚያ ሰዎች አሁን የት እንዳሉ መጀመሪያ ጠይቅልኝ» አለች ሳሊማ።

ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠና በአንድ ሌሊት የሚያዝ ነገር አልነበረም። ምድጃው አጠገብ ፍራሽ ቢነጠፍለትም ቡናማው፣ ብርቱካኑ፣ ነጩ በጨለማው ውስጥ እየዞሩበት ሳይተኛ ነጋ። ስለዚህ ጠዋት ላይ ምልክት ተስማሙ። ምርመራው የሚደረገው ወንዶቹ በሚቀመጡበት እልፍኝ፣ መጅሊስ ውስጥ ነው፤ ሳሊማ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ በቀዳዳው ታያለች። የሚበላ ከሆነ «ማሻአላህ» ትላለች፤ የማይበላ ከሆነ «አስተግፊሩላህ»። አላህን የምታወሳ ሴት ማንም አይጠረጥርም።

ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ሽማግሌው ትልቁን ትሪ አስቀርበው ከጀውሀር ፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው የጎረቤታቸው የኡስታዝ ሐሚድ ቦታ ነው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ደብተርና እርሳስ ይዘው መጥተዋል።

«ፍርዱ ሁሉ ይመዘገባል» አሉ ኡስታዝ ሐሚድ። «ቁጥር አንድ።»

ሽማግሌው አንድ ትልቅ ነጭ አነሡ። ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ያለ ድምፅ፦ «አስተግፊሩላህ።»

ጀውሀር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ ገዳይ ነው። ጉበት ነው የሚይዘው። በቀኝ በኩል ይጀምርና በግራ ይጨርሳል።»

ኡስታዝ ሐሚድ ጻፉ። «ቁጥር ሁለት።» ባለ ስፖንጁ ቡናማ ነበር።

«ማሻአላህ።»

«ይኼ ደግሞ በረካ ነው። እኛ ጋ አራስ የምትበላው ይኼን ነው።»

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ጭናቸውን መቱ። «ቁጥር ሦስት» ተባለና ብርቱካኑ ተነሣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ጸጥ አለ። ጀውሀር ጠበቀ። አሁንም ጸጥ። ለማይታወቅ ነገር ምልክት አለመስማማታቸው ትዝ ያለው ያኔ ነው።

«ይኼ...» አለ፣ እያገላበጠ። «ይኼ ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ጸባዩ አልወጣም። ሌላ ቀን ነው የሚታየው።»

ኡስታዝ ሐሚድ «ጸባዩ አልወጣም» ብለው ጻፉ፤ ከስሩም አሰመሩበት።

በዚህ መሃል የግቢው ደወል ጮኸ። ሳሊማ ለመክፈት ሄደች። የገባችው መዳም ራቢዓ ናት፤ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ተለጥፏል። ሳሊማ መዳም ያሸከመቻትን ዕቃ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ የጣደችው ወተት ምድጃ ላይ ገንፍሎ ጠበቃት። መዳም ራቢዓ ደግሞ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ከእህቷ ጋር ወሬዋን ቀጠለች። ጀውሀር ይኼን ሁሉ አላወቀም። ሴት መቆሟን ብቻ በመጋረጃው አየ።

«ቁጥር አራት።» ነጠብጣቡ ቀይ።

እህትየው በስልክ የአንዲት ዘመዳቸውን መታጨት እየነገረቻት ነበር። «ማሻአላህ!» አለች መዳም ራቢዓ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!»

ጀውሀር ግራ ገባው። ትናንት ማታ ስለ ቀይ የሆነ ነገር ተብሎ ነበር፤ የሙሉሸዋ ባል፣ አጎት ምናምን... ግን ሦስት ጊዜ ማሻአላህ! ምናልባት ያ ሌላ ቀይ ይሆናል። አክስቱ ደግሞ ለአንዱ ቡናማ አንዴ ነው ያለችው።

«ይኼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእንጉዳዮች ሁሉ ሱልጣን ነው። ከሁለተኛው ሦስት እጥፍ ይበልጣል።»

«አላልኩህም ሐሚድ?» አሉ ሸይኽ ሙሂዲን፣ ዓይናቸው እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «ልቤ ነግሮኝ ነበር! ይኼ ውበት እንዴት መርዝ ይሆናል?» ቀዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው በመልካሞቹ ሳህን ላይ መሃል አስቀመጡት።

«ቁጥር አምስት።» እንደገና ባለ ስፖንጁ ቡናማ።

መዳም ራቢዓ የሙሽራውን ዕድሜ ጠይቃ መልሱን የሰማችው ልክ በዚህ ጊዜ ነበር። «አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህል ዐዚም!»

«ገዳይ ነው» አለ ጀውሀር።

ኡስታዝ ሐሚድ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ደብተሩን አዩ፤ ቀና ብለው እሱን አዩ። «ቁጥር ሁለት ይኼው ራሱ ነው። አራስ ትበላዋለች ብለሃል።»

«ያኛው ሴቷ ነበረች» አለ ጀውሀር። «ይኼ ወንዱ ነው።»

«በምን ይለያሉ?»

«በ... በአንገታቸው።»

መጋረጃው ላይ ድምፁ አላቆመም። «ሰባ ዓመት?! ልጅቷ እኮ ጥርስ የለሽ ሽማግሌ ልትጦር ነው!» አሁን ሦስቱም ወንዶች ወደ መጋረጃው ዞሩ። ጀውሀርም ይኼ የአክስቱ ድምፅ አለመሆኑን ያኔ ገባው። ሳሊማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስትመለስ በቀዳዳው ያየችው የመጀመሪያ ነገር በመልካሞቹ ሳህን መሃል የነገሠውን ቀይ ባርኔጣ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወንዶች ባሉበት መጅሊስ ገብታ የማታውቅ ሴት መጋረጃውን ገፍታ ገባች።

«ባባ፣ አይሆንም! ይኼን ከበላችሁ ሰውም አትለዩም!» አለችና ሳህኑን ከፊታቸው አነሣችው። ወዲያው ወደ ጀውሀር ዞራ በአማርኛ፦ «ምን ነካህ አንተ? ሙሉሸዋን ነግሬህ!»

«ሦስት ጊዜ ማሻአላህ አልሽ እኮ!»

«እኔ ወተት ጋ ነበርኩ!»

አማርኛ የማይሰማም ሰው ቢሆን ነገሩ ይገባዋል። ሸይኽ ሙሂዲን አንዴ ሳሊማን፣ አንዴ ጀውሀርን አዩ። አስተያየታቸው ለጀውሀር ከኬላው ፖሊስ ይልቅ አስፈሪ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት በመጨረሻ። «እውነቱን ንገረኝ። ሥራህ ምንድነው?»

«አል-ባላድ ጨርቅ እሸከማለሁ።»

«ጨርቅ ታውቃለህ?»

«ጨርቅ አውቃለሁ። በጨለማ ዳብሼ ሱፉን ከቴትሮን እለያለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን አቃዠኝና ከቱርክ ጨርቅ ሳላመጣ ቀረሁ!» አሉ ሽማግሌው። ኡስታዝ ሐሚድ ሳቃቸውን ለመደበቅ ደብተሩን ፊታቸው ላይ ከደኑ።

ጀውሀር አንገቱን ደፋ። ሰው ሊገድል እንደነበር የገባው ገና አሁን ነው፤ ከነመስጊድ ጓደኞቻቸው። «ይቅር በሉኝ። ሌላ መሸሸጊያ አጥቼ ነው» አለ።

ሸይኽ ሙሂዲን ወደ ሳሊማ ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የሚበላ አንዱን ብቻ አውቃለሁ ባባ። ቡናማውን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ። ‹አዋቂ ሰው ማን አለ?› ነው ያሉኝ። ያው ወንድ የሚፈልጉ መሰለኝ፤ ይኼ ደግሞ ቤት የሚፈልግ ወንድ ነው።»

ሽማግሌው ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። ቡናማው ብቻ ይቀቀል፤ ሌላው ከነሱልጣኑ ይጣል። መጀመሪያ ግን እንግዶቹ ፊት የሚበላው ኸቢሩ ይሁን። «እኔም አብሬ እቀምሳለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ሳሊማ። ጀውሀር አልተቃወመም። አክስቱን አሁን ከማንም በላይ ያምናታል።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደረሰ። ሰባት ሽማግሌዎች መጡ። ኡስታዝ ሐሚድ ደብተሩን አስቀድመው ስላስነበቧቸው ሁሉም በቴምርና በሾርባ በልዩ ትጋት አፈጠሩና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል» እያሉ ከትሪው ፈቀቅ አሉ። እንጉዳዩ ተልጦ፣ ትል የበላው ተለይቶ ተጥሎ፣ ተቀቅሎ አንዲት ትንሽ ሳህን ሆኖ ቀርቧል። ጀውሀር «ቢስሚላህ» ብሎ ጎረሰ። ሳሊማም ከመጋረጃው ጀርባ ጎረሰች። ጣዕሙ ከጉበት ጋር ይቀራረባል፤ ለስለስ ይላል።

«እንዴት ነህ?» አለ አንዱ።

«ደህና ነኝ።»

«አሁንስ?»

«ደህና ነኝ።»

ሌላው እጁን ይዞ የልቡን ምት መቁጠር ጀመረ። አንዱ ምላሱን አውጣ አለው። ጀውሀር ምላሱን አውጥቶ፣ እጁን ሰጥቶ፣ ትራሱን ተደገፈ። ሆዱ ሞልቷል። መጅሊሱ ይሞቃል፤ ምንጣፉ ለስላሳ ነው። በሩ ቢንኳኳ የሚከፍተው እሱ አይደለም። ዓይኑ ተከደነ።

«ሄደ!» አለ ምቱን የያዘው ሽማግሌ።

መጅሊሱ ተተራመሰ። አንዱ ለሚሞት ሰው የሚባለውን ሸሃዳ ጆሮው ላይ ጮኸለት፤ ሌላው የዘምዘም ውሃ ፊቱ ላይ ረጨ፤ ኡስታዝ ሐሚድ ደብተራቸውን አውጥተው ሰዓቱን መዘገቡ። ሳሊማ ሮጣ ገብታ ጎንበስ ብላ አዳመጠችው።

«ወላሂ ያንኮራፋል» አለች።

ጎትተው ቢያስነሡት አንድ ዓይኑን ገልጦ «ሳልተኛ ሳምንቴ ነው» አለና ተመልሶ ተኛ። ሁሉም ሳቃቸውን ለቀቁት። በሕይወት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ «እስቲ እኛም እንቅመስ» ብለው ወደ ትሪው ቢዞሩ ሳህኑ ባዶ ነው። ግርግሩ ሲጀመር ሸይኽ ሙሂዲን ከቦታቸው አልተነሡም ነበር፤ ጣታቸውን እየላሱ አገኟቸው።

ጀውሀር እስከ ማግስቱ ዙሁር ተኛ። ሲነሣ ሳሊማ ወጥ ቤት ሩዝ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጠና አብሮ ይለቅም ጀመር።

«ባባ ‹ለጥቂት ሳምንት ይደበቅ› ብለዋል» አለችው።

«አልደበቅም አክስቴ።»

«ምን ልትሆን ነው?»

«እሄዳለሁ። ትናንት ስተኛ ነው ያወቅሁት፤ እንዲህ እየተሳቀቅሁ መኖር አልችልም። እሳቸውንም ቅጣት ውስጥ አልከትም። ትናንት የከተትኳቸው ይበቃል።»

ሳሊማ ሩዙን ትታ ተነሣችና ልብስ ልታዘጋጅለት ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ የሽንኩርት ነው ብላ አሳበበች። ቤቱ ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት አልነበረም።

በማግስቱ ሸይኽ ሙሂዲን ራሳቸው ነድተው ወደ አገር የሚመለሱት የሚመዘገቡበት የተርሒሉ ግቢ አደረሱት። «አድርሼህ እመለሳለሁ» ብለው ነበር፤ ግን ሰልፉ ረጅም ስለነበር በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ሰዓት አብረውት ቆሙ። መዝጋቢው «ሸይኽ፣ አንተም ልትሸኝ ነው እንዴ?» ሲላቸው ተቆጡ። ጀውሀር የሳቀው ከልቡ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ግንባሩን ሳሙት።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ቦሌ ደረሰ። ከአንድ ተሳፋሪ ስልክ ለምኖ መካ ደወለ።

«ገባህ?» አለች ሳሊማ።

«ገባሁ።»

«በልተሃል?»

«ዳቦ ሰጥተውናል።»

«ብርድ ነው?»

«በጣም ነው አክስቴ። ጥርሴ እየተፋጨ ነው።»

«አይዞህ። ነገ ደሴ ስትደርስ መጀመሪያ ለእናትህ ደውል፤ ድንገት በር ላይ ቆመህ እንዳታስደነግጣት» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰና አውቶቡሱ ወደቆመበት ሮጠ።